ትከሻው የት ሄደ?

መንገዱ ደህና በሆነ ሰሞን ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ያንን ቁልቁለት የተመላለሰበት ሰው ያውቀዋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የደረበውን ካፖርት የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ያወልቃል፤ አርማንያ ላይ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፤ ሮቢት ሲገባ የሚያወልቀው ያልቅበትና ጥላ ፍለጋ ይሮጣል። እኔም ሮጬ እናቴ ግቢ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሸጋገር የእህቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ የእማዬን ሠርግ አገኘሁት!»

የእህቴ ሠርግ በ1988 ዓ.ም. ነበር። አባታችን ካረፉ ደግሞ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርዱ ያላየ የቀወት ሰው የለም ብል ያጋነንኩት ትንሽ ነው። አባታችን ሲጨፍሩ ከወገባቸው በታች ድንጋይ ነበሩ፤ ከአንገታቸው በላይም ድንጋይ። ትከሻቸው ብቻ ነፋስ እንዳገኘው የማሽላ ቅጠል ይርገፈገፍ ነበር።

ሁላችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። ዳሱ ይታያል። እልልታው ይሰማል። አባታችን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መሐል ገቡ። ትከሻቸው መንቀሳቀስ ሲጀምር ትከሻቸው ጠፋ! በቦታው እንደ ጡብ የተደረደሩ ቡናማና ግራጫ አራት ማዕዘኖች ይፈርሳሉ፣ ይገነባሉ። ፊታቸውም ቢሆን ዓይንና አፍንጫው የተቀላቀለ ገንፎ ሆኗል።

እናቴ ስልኩን አቀረበችው፤ አራቀችው። ከዚያ ለልጁ መለሰችለት።

«ይኼ እሳቸው አይደሉም» አለች። «የእሳቸው ትከሻ መቼ እንዲህ ነበር!»

ልጁ አፈረ። እኔም አንድ ጥያቄ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ትከሻው የት ሄደ?

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ከቪዲዮ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ግድ የላችሁም፣ ታገሡኝ። የጽሑፍ ሰው ሥራው ምን መጻፍ፣ ምን መተው እንዳለበት መወሰን ነው፤ የቪዲዮ መሐንዲሱም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

በመጀመሪያ የሠርጉን ቪዲዮ የሕይወት ታሪክ እንስማ። በ1988 አንድ የከተማችን ፎቶ አንሺ ትከሻው ላይ በሚሸከመው የቪኤችኤስ ካሜራ ቀረጸው። በ1997 ገደማ የካሴት ማጫወቻ እየጠፋ ሲሄድ ወደ ቪሲዲ ተገለበጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ ዘመድ ቪሲዲውን ለትንሽዬ የእጅ ስልክ እንዲሆን አሳንሶ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስጫነው። ከዚያ ወዲህ ከዘመድ ወደ ዘመድ በስልክ ሲላላክ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ የሚቆጥረው የለም። ታዲያ በየጣቢያው ላይ አንድ ነገር ተደርጎበታል። መሐንዲሶቹ «ማመቅ» ይሉታል።

ማመቅ ሲባል ሰው የሚመስለው ማሽላ በጆንያ መጠቅጠቅ ነው። አይደለም። ጆንያ ውስጥ የጠቀጠቅነው ማሽላ ስንዘረግፈው ያው ማሽላ ነው፣ አንዲት ፍሬ አትጎድልም። የቪዲዮ እመቃ የሚመስለው አውድማን ነው። ፍሬው ይቀራል፣ ገለባው ለነፋስ ይሰጣል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ፍሬው የቱ ነው፣ ገለባውስ የቱ ነው፣ መንሹንስ የያዘው ማነው የሚለው ነው።

ያለ መንሽ እንደማይቻል ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ሥዕል በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዷ ነጥብ ቀለሟን ለመናገር 24 ቢት ትፈልጋለች። በሴኮንድ 25 ሥዕል ያልፋል። አባዙት፤ በሴኮንድ ከ1.2 ቢሊዮን ቢት በላይ ይመጣል። የአንድ ሰዓት ሠርግ 560 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሙሉ ፊልም በአንድ ጊጋ ባይት ስልኩ ላይ ጭኖ የሚሄደው ወጣት ከዋናው ሥዕል ከሺህ እጅ አንዱን እንኳ አልያዘም። ግን ያያል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ይኼ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልሱን ሳሰላስል ትዝ ያለኝ የድጓ ገጽ ነው። የድጓ መጽሐፍ ያየ ሰው በመስመሮቹ መካከል ጉንዳን የመሰሉ ደቃቅ ፊደላት አይቷል። «ምልክት» ይባላሉ። በትውፊት እንደሚነገረው ይህን ሥርዓት ያበጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ዘመኑ ከኢማም አሕመድ ጦርነት ማግሥት ነው። ጦርነት ሊቃውንት ባሳነሰበት ዘመን፣ በቃል ብቻ የሚኖረው ዜማ አብሮ እንዳይቀበር መፍራት ተገቢ ነበር። አንዷ ወይም ሁለቷ ፊደል አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ታመለክታለች። ዜማውን ግን አትይዘውም። ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ዜማ «ያንን አስታውስ» ነው የምትለው። ያጠና ሰው ፊደሏን ሲያይ ዜማው ይፈስለታል፤ ላላጠና ሰው ጉንዳን ናት።

የእመቃ ምሥጢር በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ላኪና ተቀባይ የሚጋሩት ዕውቀት በበዛ ቁጥር የሚላከው ያንሳል።

ቴሌግራፍም ይህንኑ ነው የሠራው። የሞርስን ምልክቶች ያበጁት ሰዎች በእንግሊዝኛ አዘውትሮ ለሚመጣው ፊደል አንዲት ነጥብ ብቻ ሰጡት፤ ብዙ ለማይመጣው ረጃጅሙን። የኛም ሰው ቴሌግራም በቃል ሒሳብ ሲከፈልበት ሰላምታውን እንዴት እንደሚጨብጠው የቀድሞ ሰዎች ያስታውሳሉ። ያ በደብዳቤ ሙሉ ገጽ የሚፈጀው «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ቴሌግራም ላይ ድራሹ ይጠፋ ነበር። ደግነቱ አማርኛ ለዚህ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። «አልመጣችልኝም» ብለን በአንዲት ቃል የምንከፍለውን ፈረንጁ አምስት ስድስት ቃል ይከፍልበታል።

ይህን ሁሉ ወደ ሒሳብ የለወጠው ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጽሑፍ የአንድ መልእክት ክብደት የሚለካው በርዝመቱ ሳይሆን ባልተጠበቀነቱ መጠን ነው አለ። ጎረቤትዎ በየጠዋቱ «ደህና አደሩ» ቢልዎ ምንም አልነገረዎትም ማለት ነው። አንድ ቀን ዝም ብሎ ቢያልፍ ግን ብዙ ነገረዎት! የሚጠበቅ ነገር ዜና አይደለም፤ ዜና ያልሆነውን ደግሞ መላክ አያስፈልግም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ዴቪድ ሃፍማን ለተደጋገመው አጭር፣ ለብርቁ ረጅም ምልክት የሚሰጥበትን ከሁሉ የተሻለ መንገድ አሳተመ። መነሻው በኤምአይቲ ተማሪ ሳለ ከፈተና ይልቅ እጽፈዋለሁ ብሎ የመረጠው የክፍል ሥራ ነበር። አስተማሪ ለነበርን ሰዎች ይህቺ ታሪክ መጽናኛም መገሠጫም ናት።

እስከዚህ ድረስ የጠፋ ነገር የለም። ሃፍማን አንዲት ፍሬ አልጣለም፤ ጆንያውን ነው ያሳመረው። ወደ አውድማው የወሰደን ናሲር አሕመድ ነው። በሕንድ ባንጋሎር የተወለደው ይህ ሰው በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ሐሳብ ይዞ ለአገሪቱ የሳይንስ ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄ አቀረበ። ሐሳቡ ተራ ነው ተብሎ ተመለሰበት። እሱ ግን አልተወውም፤ በ1973 ክረምት ያለ ደመወዝ ሠራ። ከተማሪው ናታራጃንና ከባልደረባው ራኦ ጋር ሆኖ ውጤቱን በጥር 1974 አሳተመው። በኛ አቆጣጠር ጥር 1966 መሆኑ ነው። በቀጣዩ ወር እኛ ዘንድ የካቲት 66 መጣና የኛ ወሬ ሌላ ሆነ።

የአሕመድን ሐሳብ በሠርግ ላስረዳችሁ። ሠርጉን ከሩቅ ጉብታ ላይ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ከበሮውን አጥርቶ ይሰማል። ጭብጨባው በስሱ ይደርሰዋል። የአንዲት ልጃገረድ አምባር ኳኳታ ግን አይደርሰውም። አሕመድ ሥዕልን እንዲህ የሚለያይ ሒሳብ ነው የሠራው። በሒሳቡ የሚጠቀሙት መሐንዲሶች ሥዕሉን 8 በ8 በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይቆራርጡታል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ከበሮውን፣ ጭብጨባውንና አምባሩን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ዓይናችን ከጉብታው ላይ እንዳለው ሰው ነው፤ ደቃቁን ዝርዝር እምብዛም አይለይም። ስለዚህ አምባሩ ይጣላል። ቦታ ካነሰ ጭብጨባው ይከተላል። ቦታው በጣም ከጠበበ ከበሮው ብቻ ይቀርና፣ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። የአባቴ ትከሻ ላይ ያየሁት ጡብ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀለምም የዚሁ ዕጣ ደርሶታል። ዓይናችን ብርሃንና ጥላን እንጂ ቀለምን ያን ያህል በዝርዝር ስለማያይ የቀለሙ ዝርዝር ወደ ሩብ ይወርዳል። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የአብዮቱ 10ኛ ዓመት እስከተከበረበት ሰሞን ድረስ በጥቁርና ነጭ ስናይ የኖርን ሰዎች ይኼ ብዙም አይገርመንም። ቀለሙን ራሳችን እንሞላው ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ብልሃት «የተለወጠውን ብቻ ንገረኝ» የሚለው ነው። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲታለፍ ዳሱ ያው ዳስ ነው፤ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። ሃያ አምስት ጊዜ ዳስ ከመላክ አንድ ጊዜ ልኮ «እንደነበረ ነው፤ ሰውየው ብቻ ሦስት ነጥብ ወደ ቀኝ ሄዷል» ማለት ይበቃል። የአሕመድን ሒሳብና ይህን ብልሃት አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ኤች 261 የተሠራው በስልክ መስመር ለሚካሄድ የቪዲዮ ስብሰባ ነበር። ቢያስቡት ምርጫው ትክክል ነው። ከስብሰባ የበለጠ የማይንቀሳቀስ ነገር በዓለም ላይ የት ይገኛል? መድረኩ ያው፣ አበባው ያው፣ የውሃው ጠርሙስ ያው፤ የሚለወጠው የተናጋሪው ከንፈር ብቻ ነው። እሱም የሚለው የሚታወቅ ከሆነ ሻነን ጨርሶ አትላኩት ሊል ይችላል።

ሮቢት ላይ ይህ ታሪክ የደረሰው በሳህን መልክ ነው፤ መጀመሪያ ባንዱ፣ ኋላ በሌላው። የመጀመሪያው ሳህን ቪሲዲ ነው። በኤምፔግ 1 የታመቀ ቪዲዮ በአንድ ሲዲ ላይ 74 ደቂቃ ያህል ይይዝ ነበር፤ ሥዕሉም 352 በ288 ነጥብ ብቻ። የአማርኛ ፊልም ደግሞ በ74 ደቂቃ አያልቅም። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቃቸው «ክፍል 1» እና «ክፍል 2» ተወለዱ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ልጅቷ «እወድሃለሁ» ልትል ስትል ሳህኑ ያልቃል፤ ቀያሪው እስኪቀይር ድረስ ሰው ሻይ ይጠጣል። ድራማችን የሚያርፍበትን ቦታ ደራሲው ሳይሆን ሳህኑ የወሰነበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሳህን ጣሪያ ላይ የወጣው ዲሽ ነው። በአናሎግ ዘመን አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዝ የነበረው የሳተላይት ቦታ ኤምፔግ 2 ከመጣ በኋላ ብዙ ጣቢያ መሸከም ቻለ። የሳተላይት ኪራይ የሚከፈለው በሚያዘው ቦታ ልክ ነው፤ ቦታው በጠበበ ቁጥር ኪራዩ ይረክሳል። ኢቢኤስ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቃና በ2016፣ ሌሎቹም በየተራ ሲመጡ ከጀርባቸው ይህ ሒሳብ ነበር። በ2019 ኢትዮሳት ሲመጣ በየቆርቆሮው ላይ ወደ ምዕራብ አዘንብለው የኖሩ ዲሾች ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ዲሽ ሠሪውም ሰሞኑን እንጀራው በርትቶለት ነበር። ሪሲቨሩ አሮጌ የሆነበት ሰው ግን ዲሹን ቢያዞርም አዲሱ ዓይነት እመቃ አይከፈትለትም። እንደገና ድጓው ነው፤ ያላጠና ሪሲቨር ጉንዳን ነው የሚያየው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ በየአሥር ዓመቱ ግማሽ የማሳነስ ሩጫ ነው። ኤች 264 በ2003 ወጣ፤ ዛሬም በብዛት የምናየው በእሱ ነው። በ2013 የመጣው ኤች 265 ያንኑ ጥራት በግማሽ ቢት ገደማ ያሳያል። በ2020 የወጣው ኤች 266 ደግሞ የዚያን ግማሽ። በ8 በ8 የተጀመረው ቁርጥ እንደ ሥዕሉ ጠባይ ይሰፋል፣ ይጠብባል፤ ሰማይ ከሆነ ትልቅ፣ ፊት ከሆነ ትንሽ ይቆረጣል። የፈቃድ ክፍያው ሲያጨቃጭቅ እነ ጉግል፣ ኔትፍሊክስና ሞዚላ ያሉበት ኅብረት ኤቪ1 የተባለውን ያለ ክፍያ የሚሠራ መንገድ በ2018 አወጣ። ግን በነፃ የሚገኝ ነገር የለም፤ ቢት ባነሰ ቁጥር ስሌቱ ይበዛል። አዲሱን እመቃ የሚፈታ ክፍል በውስጡ የሌለው ርካሽ ስልክ በሮቢት ሙቀት ላይ ሲጨመርበት እንደ ምጣድ ይግላል፤ ባትሪውም ፊልሙን ሳይጨርስ ይሞታል።

አሁን መንሹን የያዘው ማነው ወደሚለው ልመለስ። መሐንዲሶች አዲስ ብልሃት ሲያገኙ የሚፈትኑባቸው የታወቁ አጫጭር ቪዲዮዎች አሉ። በአንዱ አንዲት ጃፓናዊት ዜና አንባቢ ጸጥ ብላ ተቀምጣ ታነባለች። በሌላው የግንባታ ቆብ ያጠለቀ ሰው ካሜራው ላይ ተጠግቶ ያወራል። ኳስ የሚጫወቱበት፣ ጀልባ የሚያልፍበትም አለ። በክፋት የተመረጡ አይደሉም፤ ሰው በቅርቡ ያገኘውን ነው የሚቀርጸው። ነገር ግን ከእነዚያ ዝነኛ የድሮ መፈተኛዎች መካከል እኔ እስክስታ አላየሁም።

እስክስታ ደግሞ ለዚህ ሒሳብ የመጨረሻው ፈተና ነው። «ሦስት ነጥብ ወደ ቀኝ» ተብሎ የሚነገር አይደለም። ትከሻ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወዲያም ወዲህም ይላል፣ ኩታው ይታጠፋል፣ ጥላው ይሰበራል። ያለፈው ሥዕል ለሚቀጥለው ምንም አይመሰክርም። ከጨፋሪው እግር ሥር የሚነሣውን የቆላ አቧራ፣ የዳሱን ድንግዝግዝታና ጥቁር ፊታችንን ጨምሩበት። ቢት ሲያንስ ቶሎ ወደ ወጥ ቀለም የሚለወጠው ጨለማው ያለበት ቦታ ነውና። ለዜና አንባቢዋ ገለባ የነበረው ለአባቴ ፍሬ ነበር።

ፊደላችንም ያጋጠመው ይኸው ነው። በኮምፒውተር ላይ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው የኛ «ሀ» ሦስት ባይት ትፈጃለች። በስልክ አጭር መልእክት 160 የላቲን ፊደል በሚሄድበት ሒሳብ የኛ የሚሄደው 70 ብቻ ነው። ልጆቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉት ሁሉ ቋንቋቸውን ንቀው አይደለም፤ አንዳንዱ ሒሳብ ገብቶት ነው። አጭሩን ምልክት ማን እንደሚያገኝ የሚወሰነው ሥርዓቱ ሲሠራ እዚያ በነበረው ሰው ነው።

እንዲህ ስል እመቃን እየረገምኩ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ጎረቤት ያለች ሴት ልጇ ዓረብ አገር ናት። ድሮ ቢሆን በዓመት አንዴ በሰው እጅ የምትመጣ ድምፅ የተቀዳባት ካሴት ትጠብቅ ነበር። አሁን ማታ ማታ ፊቷን ታያታለች። ኔትወርኩ ሲደክም የልጅቷ ፊት ይቆራረጣል፣ ጡብ ይሆናል። እናትየው ግድ የላትም። «ከስተሻል» ትላታለች፤ ነገ ደግማ ስለምታያት።

ልዩነቱ ይኼ ነው መሰለኝ። ነገ የሚደወልለት ሰው ፊቱ ቢሸራረፍ ምንም አይደለም፤ ነገ ይሞላል። አባቴ ጋ ግን አይደወልም። እናቴ ስልኩን የመለሰችው ስላልገባት አልነበረም። ለኑሮ የሚበቃው ቅጂ ለትዝታ እንደማይበቃ ከሁላችን ቀድማ ስለገባት ነው።

ይፋት ይህን ነገር በራሷ ላይ አይታዋለች። ከ1285 እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በዚህ ምድር የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኔት ነበር። ስለዚያ አገር ብዙ የምንጠቅሰው አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዓመት ካይሮ ተቀምጦ ነው የጻፈው። ይፋትን በዓይኑ አላየም፤ ከዚህ ከሄዱ ሰዎች ሰምቶ በጥቂት ገጾች አሳጠረው። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ባይጽፈው ያም ባልኖረ። ግን የአንድ መንግሥት ኑሮ በጥቂት ገጽ! ከበሮው ደርሶናል፤ አምባሩ አልደረሰንም። ከሸዋ ሮቢት ብዙ ሳይርቁ እነ ኖራ፣ እነ አስበሪ፣ እነ መሳል የድንጋይ መስጊድና የመቃብር ፍርስራሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ወዲህ ተመራማሪዎች እየሄዱ ሲያጠኗቸው ገጾቹ ያልነገሩንን ነገሩን፤ የግንቡን አሠራር፣ የከተማውን ስፋት። ዋናው ቅጂ ድንጋዩ ነበር። ድንጋዩን ለአጥር ፈልጎ ቢያፈርሰው ኖሮ የሚተካው አልነበረም።

ይህን እያሰብኩ ለእህቴ ደወልኩ።

«ካሴቱስ?»

«የቱ ካሴት?»

«የሠርግሽ ነዋ!»

ሦስት ቀን ፈለገች። ከሣጥን ሥር በአሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ ተገኘ። ሙቀቱ ጎድቶታል፤ አንድ ጥግ ላይ ሻግቷል። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ማጫወቻ ያልጣለ አንድ ባለሙያ አግኝቼ በስሱ አጸዳው። «ብዙ አትመቀው» አልኩት፤ ቃሉን ተምሬዋለሁና። አንዱ ሰዓት 13 ጊጋ ባይት ገደማ ወጣ። ካሴቱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፣ ቀለሙ ከኩታው ጥለት አልፎ ይፈሳል፣ የሙሽራው አጃቢዎች የሚገቡበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ተበልቷል። ነገር ግን የካሴት ጉድለት የሚያደበዝዝ እንጂ ጡብ የሚሠራ አይደለም። አባታችን መሐል ገቡ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸውም ነበረ።

በፍላሽ ይዤው ሮቢት ወረድኩና በቴሌቪዥን ከፈትነው። እናቴ ወንበሯን አስጠጋች። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች። ይኸው አሁን ትከሻውን አየች ብዬ ስጠብቅ፣

«ኩታው የኔ ፈትል ነው» አለች።

ስለ ኩታው እኔም ረስቼ ነበር። ከጉብታው ላይ ሆነን ገለባ ያልነውን ገለባ ያላለ አንድ ሰው ሁልጊዜ አለ ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ለዘመድ ሁሉ ልላከው?»

«ላከው። ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፤ ያን ጊዜ መንገድ ላይ አይታመቅም። ካሴቱንም እንዳትጥሉት።»

የፋይሉን መጠን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አሥራ ሦስት ጊጋ? ፓኬጁን ማን ሊገዛልኝ ነው?»

ገዛሁለት።